«ስብሰባው መቼ ነበር?» እንዳይባል፦ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ወላጅ ቤት የማድረስ ዝርዝር መመሪያ

ካርድ መስጫ ቅዳሜ ነበር። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ቅዳሜ 8:00 ላይ ካርድ ስለሚሰጥ ወላጆች እንድትገኙ»። ግልጽ መስሎኝ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ ወላጆች በር ላይ ቆሙ። ግቢው ዝግ ነው። ጥበቃው የተነገረው ነገር ስለሌለ «ዛሬ ቅዳሜ እኮ ነው» ብሎ መለሳቸው። የቀሩት ወላጆች ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ መጡ። ከፋብሪካ ፈረቃዋ አስፈቅዳ ጠዋት የመጣች አንዲት እናት ሰኞ ዕለት አገኘችኝ። «ቲቸር፣ 8:00 ብለው ሲጽፉ በኛ ነው በፈረንጅ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።

እዚህ ሐዋሳ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ነው የማስተምረው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የወላጅ ማስታወቂያ ነገር ሥራዬ ሆነ፤ ማንም አልሾመኝም፣ ጥፋቱ የኔ ስለነበር ብቻ ነው። ከታች ያለውን የጻፍኩት ለስም ጠሪ መምህራን፣ ለዩኒት ሊደሮች፣ ለምክትል ርዕሰ መምህራንና ለወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባላት ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትንሽ ወረቀት፣ አንድ የት/ቤቱ ሲም ካርድና በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ተላከ ስንል ሥራው ያለቀ ይመስለናል። የሚያልቀው ግን ጠዋት ልጁን የሚያለብሰው ሰው ነገሩን ሲያውቅ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎርሙ ላይ የተጻፈው ሰው አይደለም።

1. ከስልክ ቁጥሩ በፊት ሰውየውን መዝግቡ

የምዝገባ ፎርማችን ላይ «የወላጅ ስልክ» የሚል አንድ መስመር አለ። አባት ይጽፋል። አባት ሹፌር ነው እንበል፣ ሳምንቱን ሞያሌ መንገድ ላይ ነው። መልዕክቱ ይደርሰዋል፣ ያነበዋል፣ «እሺ» ይላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ቤት ያለችው አያት ልጁን የስፖርት ቱታ ማልበስ ሲገባት ዩኒፎርም አልብሳ ትልካለች። ልጁ ሜዳው ዳር ቆሞ ሌሎቹ ሲጫወቱ ያያል።

ስለዚህ በምዝገባ ሰሞን፣ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መግቢያ ላይ፣ እያንዳንዱን ቤተሰብ እነዚህን ጠይቁ። ጠዋት ልጁን የሚያለብሰውና ምሳ ዕቃውን የሚያዘጋጀው ማን ነው? ቁጥሩ የማን ነው፣ ስልኩስ ማታ ቤት ያድራል? ስማርት ስልክ ነው ባለ ቁልፍ? ልጁን የሚያመጣውና የሚወስደው ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ብንነግርዎ ይሻላል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ተጠንቀቁ። ከተማችን ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሌላም ሌላም ይነገራል። ቋንቋውን ችሎ ፊደሉን የማያነብ ወላጅም አለ። «ማንበብ ይችላሉ?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ማሸማቀቅ ነው። «በጽሑፍ ይሻልዎታል ወይስ በድምፅ ልላክልዎ?» ብትሉ ማንም አይከፋውም። የምትፈልጉትንም መልስ ታገኛላችሁ። እኔ ክፍል «በድምፅ» ካሉኝ መካከል ማንበብ የሚችሉ ግን ወጥ ቤት እጃቸው ሊጥ የሆነ እናቶችም ነበሩ።

ሁለተኛ ቁጥር ያዙ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እናት ፈረቃ ላይ እያለች ስልኳን አታይም። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወጣ አባት ሌሊት ሐይቅ ገብቶ ረፋድ ላይ ነው የሚመለሰው። ጎረቤት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ማንም ይሁን፤ ሁለተኛ ሰው ይኑር።

ዝርዝሩን ኤክሴል የሚችል በኤክሴል፣ የማይችል በደብተር ይያዘው። ለማንም አይተላለፍ። ቁጥር ደግሞ ይቀየራል። የሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ እንደገና አረጋግጡት።

2. የዓመቱን ካላንደር አንድ ገጽ ላይ አውጡ

መስከረም ላይ ለወላጅ የሚሰጥ አንድ ገጽ አዘጋጁ። አንድ ገጽ ብያለሁ። አራት ገጽ ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ገጽ ከሆነ ግን ፍሪጅ ላይ ወይም በር ጀርባ ይለጠፋል።

ቀኖቹን በሦስት ክፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ የማይነቃነቁ ናቸው፦ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ዓድዋ የካቲት 23። ገና ታህሳስ 29 ነው፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 28 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያ ነው። ይቺን የረሳ ት/ቤት የገና ዝግጅቱን በበዓሉ ዕለት ሊጠራ ይችላል።

ሁለተኛዎቹ ተንቀሳቃሽ ናቸው። ስቅለትና ፋሲካ አስቀድመው ይታወቃሉ፣ ቀናቸው ግን በየዓመቱ ይለያል። የኢድ አል ፈጥር ቀን ጨረቃ ታይታ ነው የሚረጋገጠው። ፍቼ ጫምባላላ ደግሞ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቀኑን አያንቶዎች የሚባሉ የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ይወስናሉ። በቅርብ ዓመታት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሏል። ኢድንና ፍቼን ካላንደሩ ላይ ስትጽፉ ቀን አትቁረጡ። «ፍቼ ጫምባላላ፣ ቀኑ ሲነገር እናሳውቃለን» በሉ። የገመቱትን ቀን ጽፎ በኋላ ማረም ወላጁ የቀረውን ገጽ ሁሉ እንዲጠራጠር ያደርጋል።

ሦስተኛዎቹ የት/ቤቱ የራሱ ቀኖች ናቸው፦ የወላጅ ስብሰባ፣ የሴሚስተር ፈተና፣ ካርድ መስጫ፣ የስፖርት ቀን፣ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ዝግጅት፣ ዓመቱ ማብቂያ ላይ የወላጆች ቀን።

ካላንደር ላይ ቀይ ያልሆኑ ግን ከተማውን የሚያነቃንቁ ቀኖችም አሉ። ታህሳስ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሐዋሳ ላይ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቃል። እንግዳ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ መሃል ከተማ መንገድ ይጨናነቃል፣ የምትጠሩት ስብሰባ ላይ የሚመጣ ሰው አይኖርም። ዓርብ ቀትር ላይም ስብሰባ አትጥሩ፤ የጁምዓ ሰዓት ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ግማሹ ወላጅ ቤተ ክርስቲያን ወይም ቸርች ነው። ሁሉን የሚያስደስት ቀን አይገኝም። ሁሌም አንድ ወገን ብቻ የሚቀርበት ቀን ግን አትምረጡ።

3. ሰዓትና ቀን አጻጻፍ ላይ ድርድር የለም

ወደ እኔ ቅዳሜ ልመለስ። ስልካችን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። እኛ የምናወራው በሐበሻ ነው። መልዕክት ስንጽፍ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ቢሮ የሚውል፣ ኤንጂኦ የሚሠራ ወላጅ 8:00 ሲያይ ጠዋት ነው የሚታየው። ሱቅ ያላት እናት 8:00 ስታይ ከምሳ በኋላ ነው የሚታያት። ሁለቱም ልክ ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው። ሰዓት በፍጹም ብቻውን አይጻፍ። «ጠዋት 2፡30»፣ «ከሰዓት 8፡00»፣ «ምሽት 12፡00» ተብሎ ይጻፍ። ሁሌም በሐበሻ ሰዓት። «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የሚለው ረጅም ሐረግ ጠዋትና ከሰዓትን አይተካም፤ በኢትዮጵያም 8 ሰዓት ሁለት ነው፣ አንዱ ሌሊት ቢሆንም።

ቀኑም እንዲሁ። «10/06» ብላችሁ ስትጽፉ የካቲት 10 ማለታችሁ ነው። ስልኩን በፈረንጅ ካላንደር የሚጠቀም ሰው ግን ጁን ወይም ኦክቶበር ሊያነበው ይችላል። ወሩን በስሙ ጻፉት፣ የሳምንቱን ቀንም ጨምሩበት፦ «ሰኞ የካቲት 10»። የሳምንቱ ቀን ማረጋገጫ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ወላጁ «ተሳስታችኋል» ብሎ ይደውላል፣ እናንተም ጊዜ ሳያልፍ ታርማላችሁ። እኔን ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

ስልኩ ላይ ማስታወሻ መሙላት ለሚፈልግ ወላጅ የፈረንጁን ቀን ታች በትንሹ ብታስቀምጡ አይከፋም። ግን በጥንቃቄ። መስከረም 1 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከነበረች 12 ይሆናል። ያን ዓመት እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ያምናውን ካላንደር ገልብጦ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ የቀየረ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

4. ቀን ምረጡ፣ እኛ ሐሙስ ማታ ነው

በየቀኑ የሚመጣ መልዕክት ማንም አያነበውም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁሌ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ግን ይጠበቃል። እኛ ሐሙስ ምሽት 1 ሰዓት መረጥን። አርብ ለጥያቄ ይተርፋል። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ወላጅ ደብተሩንም ቀለሙንም ነጭ ካልሲውንም አብሮ ይገዛል። እሁድ ማታ «ነገ ካርቶንና ሙጫ ይዘው ይምጡ» የሚል መልዕክት የላከ መምህር የትኛው ሱቅ ክፍት ነው ብሎ እንዳሰበ አላውቅም።

የሐሙሱ መልዕክት የሚመጣውን ሳምንት ብቻ ይይዛል፤ ቢበዛ አራት ነገር። ምንም ነገር ከሌለም «በሚቀጥለው ሳምንት የተለየ ፕሮግራም የለም» ተብሎ ይላካል። ዝም ካላችሁ ወላጁ ኔትወርክ ይሆን፣ ረስተው ይሆን እያለ ይጠራጠራል።

ትልልቅ ጉዳዮች ሦስት ጊዜ ይነገራሉ። ጉዞ፣ ካርድ መስጫና ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በፊት አንዴ፣ በሳምንቱ ሐሙስ አንዴ፣ በዋዜማው ማታ አንዴ። የዋዜማው አንድ መስመር ብቻ ይሁን።

ክፍያ ያለበት ነገር ከሁለት ሳምንትም በላይ ይፈልጋል። ደሞዝ የወር መጨረሻ ነው። ወሩ አጋማሽ ላይ «እስከ ነገ» ማለት ልጁን «አልሄድም» እንዲል ማስገደድ ነው። ያልከፈሉ ልጆችን ስም ዝርዝር ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ት/ቤት አይቻለሁ። ይሄ ይቅር። ለብቻ ይደወላል።

5. መልዕክቱን ለአያት እንደምታነቡ አድርጋችሁ ጻፉት

እውነቱን ለመናገር ችግራችን ቴክኖሎጂ አይደለም፣ ቢሮ አማርኛ ነው። ይሄን እዩ፦

«በቀን 10/06/17 ዓ.ም. የት/ቤታችን ማኔጅመንት ባደረገው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት የተማሪዎችን ዕውቀት ለማዳበር ይረዳ ዘንድ የመስክ ጉብኝት መርሐ ግብር የተዘጋጀ ስለሆነ የተከበራችሁ ወላጆች አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

መቼ ነው? የት ነው? ስንት ነው? ምን ልቋጥርለት? ያለው አንድ ቀን ስብሰባው የተደረገበት ነው። አንድ ወላጅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ «ልጄ ምን አጠፋ?» ብሎ ጠይቆኛል። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ሲያይ ክስ መስሎት።

እንዲህ ብንለውስ፦

«የ3ኛ ክፍል ጉዞ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ።
ዓርብ የካቲት 21።
ጠዋት 2፡30 ከግቢ እንነሳለን። ቀትር 6፡30 ግቢ እንመለሳለን።
ይዘው የሚመጡት፦ ውሃ፣ ኮፍያ፣ ምሳ ዕቃ።
ለመኪና 100 ብር፣ እስከ ማክሰኞ የካቲት 18።
የፈቃድ ወረቀቱን ፈርመው ይላኩልን።
ጥያቄ ካለ ለስም ጠሪ መምህር ይደውሉ።»

ሁለቱን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሁለተኛውን ሰምታ አያት ትንቀሳቀሳለች። ቅደም ተከተሉም በከንቱ አይደለም፦ ማንን ይመለከታል፣ መቼ፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ምን ይያዝ፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ፣ ማንን ልጠይቅ። ሁሌ በዚሁ ተራ ጻፉት። ወላጁ ከሦስተኛው መልዕክት በኋላ ዓይኑ የት እንደሚሄድ ራሱ ያውቀዋል።

«እንመለሳለን» የሚለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልጁን የሚወስደውን ሰው ከሥራ የሚያስቀረው እኮ እሱ ነው። ስለ ምሳ ዕቃም አንድ ነገር፦ ረቡዕና ዓርብ ጉዞ ካለ «ልጆቹ ስለሚጎራረሱ የጾም ቢሆን ይመረጣል» የምትል መስመር ጨምሩ። እንቁላልና ሥጋ ይዞ የመጣ ልጅ ጥፋት የለበትም፣ የጾመውም ጓደኛው እንዲሁ። መስመሯ ሁለቱንም ታሳርፋቸዋለች።

በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ ፊደል ቁጠሩ። በላቲን ፊደል አንድ መልዕክት 160 ይይዛል፣ በኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ሒሳቡም ሁለት ነው። ለስድስት መቶ ወላጅ ስትልኩ ይሄ ብር ነው። «ሐሙስ ጥር 15 ጠዋት 2፡30 የ3ኛ ክፍል ወላጆች ስብሰባ። ት/ቤት ይምጡ።» ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 47 ነው። «የተከበራችሁ ወላጆች» ለመጨመርም ቦታ አለ፣ ካማራችሁ።

6. ቴሌግራም፦ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል

ስማርት ስልክ ያለው ወላጅ አብዛኛው ቴሌግራም ላይ ነው። ችግሩ ግሩፕ መክፈታችን ነው። ማስታወቂያው ጠዋት ይወጣል። «እናመሰግናለን ቲቸር» ይከተላል፣ አርባ ጊዜ። ከዚያ የመልካም ቀን ሥዕል፣ አበባ፣ ጥቅስ። ከዚያ አንዷ «የኔን ልጅ እስክሪብቶ የወሰደ ይመልስ» ትላለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ሰፈር ይሆናል። ማታ ከሥራ የገባ አባት 112 መልዕክት ያያል፣ ዘግቶት ይተኛል።

ቻናል ክፈቱ። የሚጽፈው አድሚን ብቻ ነው። የወሩን ካላንደር ከላይ ፒን አድርጉት። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ጊዜ እንደታየ ትነግራችኋለች፤ ማን እንዳየ ግን አትነግራችሁም። ወላጆች የግድ መወያያ ከፈለጉ ግሩፑን ራሳቸው ይክፈቱት፣ ማስታወቂያ ግን እዚያ አይውጣ።

ሐሙስ ማታ ሰው ቤት ከሆናችሁ አትጨነቁ። ቀን ላይ ጻፉትና መላኪያዋን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ በሰዓት እንዲላክ ማዘዝ ይቻላል። እዚህም ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ምሽት 1 ሰዓት እንዲወጣ 19:00 ብላችሁ ሙሉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት 1:00 ሞልቼ መልዕክቱ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወጣ። ሁለት ወላጅ ደንግጠው ደወሉልኝ።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ግማሹ ጥላ ነው፣ ማህተሙ ቀኑ ላይ አርፏል፣ የመምህሩ አውራ ጣት ጥግ ላይ ይታያል። ጽሑፉን ጻፉት። በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል፣ ለሌላ ሰውም በቀላሉ ይላካል። «በድምፅ» ላሉት ደግሞ ያንኑ መልዕክት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ቮይስ አንብቡት። በሲዳሙ አፎና በወላይትኛ የሚያነብ መምህር የትም ግቢ አይጠፋም። ድምፁ የሚታወቅ መምህር ቢሆን ይመረጣል።

የልጆች ፎቶ ላይ ቁጥብ ሁኑ። ቻናሉን የሚያየው ወላጅ ብቻ መሆኑን ማንም አያረጋግጥላችሁም።

7. ስልክ የማይደርስበት ቤት

እዚህ ላይ ነው አሮጌው ዘዴ የሚያሸንፈው። ኮሚኒኬሽን ቡክ (መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበት ደብተር) ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ይቆረጣል፤ ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል 15 ወረቀት ይበቃዋል። ታች በኩል የምትቀደድ የፊርማ ቦታ ተዉ። ያልተመለሰችውን ቆጥራችሁ ማን እንዳልሰማ ታውቃላችሁ። ቴሌግራም ይህን አያደርግላችሁም።

ልጆቹን አትናቁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ከወጣ በኋላ፣ ምክትላችን አንድ ነገር ጀመሩ። «ዓርብ ምንድን ነው?» ይላሉ። «ጉዞ!» «ስንት ሰዓት?» «ጠዋት ሁለት ተኩል!» «ምን እንይዛለን?» «ውሃ! ኮፍያ! ምሳ ዕቃ!» ሦስት ቀን ይደጋገማል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይሄን ይዞ ቤት ከገባ ወላጁን እንቅልፍ አያስተኛም። ሚኒ ሚዲያ ያላችሁ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ራሳቸው እንዲያነቡት ስጧቸው። በልጅ አፍ ሲነገር ልጅ ይሰማል።

በሩ ላይ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ጥበቃው ነው። ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ ብዙ ጥያቄ የሚጠየቀው እሱ ነው። የሐሙሱን ወረቀት አንድ ኮፒ ለእሱ ስጡት፣ አንብባችሁም ንገሩት፣ ሌላውን ከበሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ያለፈውን ሳምንት አንሱት። መስከረም ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ጥር ላይ ካለ ሰሌዳውን የሚያይ ሰው የለም።

ሌላው የኮንትራት ባጃጅ ሹፌር ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ለውጥ ብቻ ነው። «ነገ በ6 ሰዓት ይለቀቃሉ» የሚለውን እሱ ካልሰማ ስድስት ልጅ እስከ 9 ሰዓት ተኩል በር ላይ ይቀመጣል። የባጃጅ ሹፌሮችን ቁጥር ለብቻ ያዙና እንዲህ ባለ ቀን ደውሉላቸው። ደስ ብሏቸው ይሰማሉ፤ ነዳጃቸው እኮ ነው።

8. ሲቀየር

ፕሮግራም ይቀየራል። ዝናብ አለ፣ መንገድ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል። የቀየራችሁት ነገር ላይ የድሮውን መልዕክት ኤዲት አድርጋችሁ አትተዉ፤ ቴሌግራም ኤዲት ለተደረገ ጽሑፍ አዲስ ድምፅ አያሰማም። አዲስ መልዕክት ይላክ፣ የመጀመሪያው ቃል «ለውጥ» ይሁን፣ የቀረው ቀንና የመጣው ቀን ሁለቱም ይጻፉ፦ «ለውጥ፦ ዓርብ የካቲት 21 የነበረው ጉዞ ወደ ዓርብ የካቲት 28 ተዛውሯል።» ከዚያ አሮጌውን አጥፉት።

ለዛሬ ለዛሬ የሆነ ነገር ግን በጽሑፍ ብቻ አይታመንም። ከየክፍሉ አምስት ወይም ስድስት ወላጅ ተወካይ ምረጡ፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ያላቸውንና ቴሌግራም የማይከፍቱትን ለየአቅራቢያቸው አከፋፍሏቸው። እያንዳንዱ አራት ወይም አምስት ቤት ይደውላል፣ ጎረቤት ከሆነም ግድግዳ ያንኳኳል። ካርድ የሌለው ሚስኮል ያደርጋል። ተወካዩ ሲጨርስ ለመምህሩ «ደርሷል» ይበል፤ ያላገኘውንም ስም ይንገር።

ልጆች ከተለመደው ሰዓት በፊት የሚለቀቁ ከሆነ ግን ወሬው እስኪረጋገጥ ማንም ልጅ ከግቢ አይውጣ። የሚወስደው ሰው ያልተነገረው ልጅ መምህር ጋር ይቆያል። ምሳችን ቢዘገይም።

9. ደርሷል ወይ?

በየወሩ አንድ ቀን ከክፍል ዝርዝሩ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ስም ምረጡና ደውሉ። «የሚቀጥለው ሳምንት ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አራቱ ከመለሱ ጥሩ ነው። ሁለቱ ብቻ ከመለሱ ወላጁን አትውቀሱ፣ መንገዱን ፈትሹ። እኔ ስጀምር ከአምስት ሁለት ነበር። አንደኛዋ ቻናሉ ውስጥ እንዳለች ሁሉ አታውቅም ነበር፤ የከፈተላት ልጇ ነው፣ ድምፁንም ያጠፋው እሱ። የሒሳብ ፈተና ስለነበረ።

ካርድ መስጫ ቀን ላይ ደግሞ ወላጁ ቁጭ ሲል አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «በዚህ ሴሚስተር ዘግይታችሁ የሰማችሁት ነገር ምን ነበር?» መልሱን ጻፉት። የሚቀጥለው ሴሚስተር ላይ ከዚያ ጀምሩ።

ሰኔ ላይ አንድ የሚረሳ ሥራ አለ። ቻናሉን በግል ስልኩ የከፈተ መምህር ሌላ ት/ቤት ሲሄድ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። ሦስት መቶ ወላጅ ያለበት ቻናል መስከረም ላይ ባለቤት አልባ ሆኖ እንደገና ከዜሮ የጀመርንበት ዓመት አለ። ስለዚህ ከመጀመሪያው በት/ቤቱ ሲም ይከፈት፤ ሲሙ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ። ዝርዝሩ፣ የመልዕክት ናሙናዎቹና የተወካዮቹ ስም በአንድ ፎልደር ታስረው ከክረምት በፊት ለሚቀጥለው ስም ጠሪ መምህር በፊርማ ይሰጡ።

ሰሌዳውንም አጽዱት። የአምናው «እንኳን አደረሳችሁ» አሁንም እዚያ አለ።